የጋሽ ማቴዎስ ብቸኛ ባንክ

ጋሽ ማቴዎስ ማረፋቸውን የሰማሁት በቢሯችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የቢሮው ባለቤት ዳንኤል «ጋሽ ማቴዎስ ዛሬ ጠዋት ወደ ጌታ ሄደዋል፤ ቀብራቸው ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው» ብሎ ጻፈ። ከእሱ በላይ ያለው መልእክት የእኔ ነበር፤ የፕሪንተሩ ቀለም ማለቁን የሚያሳውቅ። ሁለቱ ተከታትለው ሲታዩ ደስ አይልም። የእኔን ላጠፋው አሰብኩና ጋሽ ማቴዎስ ቢያዩት ይስቁ ነበር ብዬ ተውኩት።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው መጣ። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን፣ ከሆሳዕና የመጡ ዘመዶች፣ በእጃቸው ያለፉ አርክቴክቶች ሁሉ ነበሩ። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ሰው «በአገራችን በርካታ የባንክ ሕንጻዎችን የነደፉ» አለ። ዳንኤል ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ጋሽ ማቴዎስ የነደፉት ባንክ አንድ ነው። እሱንም ያገኙት በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ቀብር ላይ ግን እጅ አውጥቶ ማረም አይቻልም።

ሰው ሲሞት ደግ፣ ትሑትና ተጫዋች ይባላል። ጋሽ ማቴዎስ ደግ ነበሩ። ትሑት ግን አልነበሩም፤ ጨዋታቸውም እንደ ርዕሱ ነው። ስለ ኳስ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ሲወራ ያንቀላፋሉ። ስለ አሮጌ የአሜሪካ ባንኮች ከተነሣ ግን የምሳ ሰዓታችን ያልቃል። የሚያነሡትም ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው።

ቢሯችን ወሎ ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥና ከመለዋወጫ ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስቀጠር ጋሽ ማቴዎስ በመስኮቱ በኩል ያለውን ሰፊ ጠረጴዛ ይዘው አገኘኋቸው። ሁላችንም በኮምፒውተር ስንሠራ እሳቸው በእርሳስ ነበር የሚሠሩት። የእኛን ሥራ ማረም የእሳቸው ድርሻ ነው። ከኋላ መጥተው ይቆማሉ፤ ትንሽ ይተነፍሳሉ፤ ከዚያ «ዝናብ ሲመጣ ሰውዬው የት ይቆማል?» ይላሉ። የትኛው ሰውዬ እንደሆነ ነግረውን አያውቁም። በእያንዳንዱ ሕንጻ ደጃፍ ዝናብ የያዘው አንድ ሰውዬ ነበራቸው፤ መጠለያ ካልተገኘለት ስዕሉ አያልፍም።

በወጣትነታቸው ለትምህርት አሜሪካ ሄደው ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አንድ መምህራቸው ሥራ ይሰጧቸዋል። በአዮዋና በሚኒሶታ ትናንሽ ከተሞች እየዞሩ፣ ሊፈርሱ ወይም ሊሸጡ የደረሱ የድሮ ባንኮችን ይለካሉ፣ ይስላሉ። ሦስት የዕረፍት ወቅት እንዲህ አሳለፉ። በዚያ ዘመን ከአሜሪካ የሚመለስ ሰው ቴፕ ሪከርደርና ሙሉ ልብስ ይዞ ሲመጣ፣ እሳቸው ሁለት ሻንጣ ሙሉ ስዕልና ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ይህን ነገር እስከ መጨረሻው ይቅር አላሏቸውም።

በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት «ፌቨን፣ ባንክ ምን ይሸጣል?» አሉኝ።

«ብድር።»

«አይሸጥም። ባንክ በእጅ ይዘሽ የምታዪው ዕቃ የለውም። የሚታየው ሕንጻው ብቻ ነው።»

ከዚያ አስረዱኝ። በእነዚያ ትናንሽ ከተሞች፣ ባንኮቹ በተሠሩበት ዘመን፣ ባንክ ከወደቀ የገበሬው ጥሪት አብሮ ይቀልጣል፤ የሚመልስለት መንግሥት የለም። ገበሬው ደግሞ የባንኩን መዝገብ ማንበብ አይችልም። ማንበብ የሚችለው ግድግዳውን ነው። ስለዚህ ባንኩን ከሁለት መንገድ እንዲታይ ማዕዘን ላይ ይሠሩታል። በሩ ላይ የድንጋይ አምድ ይደረድራሉ። መስኮቱን ወደ ላይ ያወጡታል፤ ብርሃን ይገባል፣ የሌባ ዓይን ግን አይደርስም። የካዝናውን ክብ የብረት በር ደግሞ አይደብቁትም። በመግቢያው ትይዩ ያደርጉትና ቀን ቀን ከፍተው ይተዉታል፤ የገባ ሁሉ ውፍረቱን እንዲያየው።

«ገበሬው ገብቶ፣ ቀና ብሎ አይቶ፣ ‹እነዚህ ሰዎች ነገም እዚሁ ናቸው› ማለት አለበት» አሉኝ። «ይኼን ካላስባለው ባንክ አይደለም፤ ሱቅ ነው።»

«ግን ጋሼ፣ ወደቁ አይደል? አምድ እያላቸው?»

«ባንኮቹ ወደቁ» አሉ፤ «ሕንጻዎቹ ቆመዋል።»

ብዙዎቹ ዛሬ ቤተ መጻሕፍት፣ ፀጉር ቤት፣ ምግብ ቤት ሆነዋል። ጋሽ ማቴዎስ በአንዱ ውስጥ፣ ካዝናው ድረስ ገብተው ቁርስ በልተዋል። «በሩ ውፍረቱ ይኼን ያህል ነው» ይሉና ክንዳቸውን ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ያሳያሉ። «በዚያ በር የምንጠበቀው እንግዲህ እኔና ሁለት እንቁላል ነን።» ይህን ቀልድ በየወሩ ይነግሩናል፤ እኛም በየወሩ እንስቃለን።

አንድ ጊዜ፣ አሁን ሁሉም ሰው በስልኩ ገንዘብ ስለሚያስተላልፍ የባንክ ሕንጻ ለምን ያስፈልጋል ብዬ ልፈትናቸው ሞከርኩ። ከስዕላቸው ቀና እንኳን አላሉም። «ስልክሽ የጠፋ ዕለት የት ትሄጃለሽ?» አሉኝ።

ከአሜሪካ ከተመለሱ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም፣ ትምህርት ቤት፣ የዱቄት ፋብሪካ፣ የጸሎት አዳራሽ፣ በርካታ ሆቴሎች ሠርተዋል። ባንክ ግን አልሠሩም። ባንኮች ወደ ቢሯችን ይመጡ ነበር፤ የሚፈልጉት ከእግሩ እስከ ራሱ መስታወት የሆነ ሕንጻ ነው። እሳቸው በአሮጌ ስዕላቸው መስታወቱን ሊያስጥሏቸው ይሞክራሉ፤ ደንበኛው ፈገግ ብሎ ሥራውን ለሌላ ቢሮ ይሰጣል። «አንድ ባንክ፣ ባንክ የሚመስል ባንክ ሠርቼ ልሙት» ይሉ ነበር። በቀልድ አልነበረም የሚሉት። የቀረው ነገር ሁሉ ለእሳቸው መቆያ ነበር።

ምኞቱ አንድ ቀን አሳስሮን ነበር ማለት ይቻላል። ቦሌ መንገድ ላይ ወዳለ አንድ አዲስ የባንክ ቅርንጫፍ አብሬያቸው ሄድኩ። እኔ ወረፋ ልይዝ ስገባ እሳቸው ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በሩን መለካት ጀመሩ። ጥበቃው መጣ።

«አባት፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«በሩን እየለካሁ ነው። ጠባብ ነው።»

«ለምንድን ነው የሚለኩት?»

ጋሽ ማቴዎስ ለጥያቄው ሳይሆን ለግድግዳው መልስ ሰጡ። በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉትና «ውስጡ ባዶ ነው፤ በመዶሻ ብቻ ሰው ሊገባበት ይችላል» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ባለሙያ ለባለሙያ፣ «ካዝናው በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁት።

ሁለት ሰዓት ያህል የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ተቀመጥን። መታወቂያችን ተወሰደ፤ ዳንኤል ተደውሎለት እስኪመጣ ድረስ እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ጋሽ ማቴዎስ ግን ለሥራ አስኪያጁ ካዝና ለምን ከሕዝብ መደበቅ እንደሌለበት ያስረዱ ነበር። ዳንኤል ሲደርስ ሻይ መጥቶልን፣ ሥራ አስኪያጁ አያት ሰፈር የሚያሠራውን ቤት ፕላን ከስልኩ ላይ እያሳያቸው ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሰውዬው የት እንደሚቆም ጠየቁት። አላወቀም።

በመጨረሻ ባንክ መጣ። ሐጂ ሰዒድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የነገዱ፣ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ሆነው ባንክ ያቋቋሙ የወሎ ሰው ናቸው፤ የቦርዱ ሰብሳቢም እሳቸው ነበሩ። ቦሌ ሚካኤል፣ ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ቦታ ገዝተዋል። አነስ ያለ ቅርንጫፍ ይሠራበታል። ዳንኤል ሥራውን ለጋሽ ማቴዎስ ሲሰጥ «ጋሼ፣ ማዕዘን ነው» አላቸው። ሌላ ነገር መጨመር አላስፈለገውም።

ስህተቱ የተሠራው በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። ጋሽ ማቴዎስ ፎቶግራፎቻቸውን ይዘው ሄዱ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩ። ስድስት አምድ ያለው ባንክ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኼ ነው» አሉ። «ኢንጂነር፣ እንዲህ ያለ ሥሩልን።»

ጋሽ ማቴዎስ «አርክቴክት ነኝ» ማለት እንኳ ረሱ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢሮ ውስጥ መዝሙር እያፏጩ ሠሩ። ወፍራም የአምቦ ድንጋይ ግድግዳ፣ ማዕዘኑ ላይ በር፣ ወደ ላይ የወጡ መስኮቶች፣ ከፊት አራት የድንጋይ አምዶች። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ስብሰባ የሐጂ ባንክ ወጣት ሥራ አስኪያጅ አንድ ምስል በስክሪን አሳየን። በሌላ ቦታ ያሠራው ነው። ሕንጻው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። መስታወቱ ላይ አራት ነጭ አምዶች ተለጥፈዋል፤ ፎም ተቆርጦ፣ ጂፕሰም ተቀብቶ፣ የእብነ በረድ ቀለም የተቀባ።

«ድንጋዩ ጠራቢ ይፈልጋል፤ አንድ ዓመት ይፈጃል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እኛ ደግሞ በስድስት ወር መክፈት አለብን። ይኼ በሳምንት ይገጠማል። አምዱ እንደሆነ አለ። እርስዎ ያሳዩን ይኼንኑ አይደል?»

ሐጂም ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎቶው ላይ ያዩት ነገር ስክሪኑ ላይ አለ፤ ልዩነቱ አልታያቸውም። ሳምንት ተሰጠን። በዚህ ምስል መሠረት ንድፉን ካልፈረምን ሥራው ወደ ሌላ ቢሮ ይሄዳል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጋሽ ማቴዎስ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉኝ። «ፎቶ ማሳየት አልነበረብኝም። ፎቶ ላይ የግድግዳ ውፍረት አይታይም። የሚታየው አምድ ነው። እኔ ራሴ ነኝ አምድ የሸጥኩላቸው።»

ዳንኤል እንዲፈርሙ ለመናቸው። ካልፈረሙ ሌላው ቢሮ ያንኑ ፎም ይለጥፈዋል፣ ቢያንስ ውስጡን እርስዎ ይሠሩታል አላቸው። ትክክል ነበር። እሳቸውም ትክክል መሆኑን አልካዱም። እኔ አይፈርሙም ብዬ ነበር፤ ሌሎቹ ይፈርማሉ አሉ። ከዚህ በኋላ ሌላ ባንክ እንደማይመጣላቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ሾላ ገበያ ውሰጂኝ» አሉኝ። ሐጂ ሰዒድ የቦርድ ሰብሳቢም ሆነው ጠዋት ጠዋት ሱቃቸው ይቀመጡ ነበር። ሊያነጋግሯቸው መስሎኝ ነበር። ጋሽ ማቴዎስ ግን ከትይዩ ካለ የሽንኩርት መደብ አጠገብ ቆመው ማየት ጀመሩ። በርበሬ ሊሸጥላቸው የመጣ ነጋዴ ስለ ዕቃው ያወራል፣ ይምላል፣ ይገዘታል። ሐጂ አይሰሙትም። ከጆንያው በርበሬ አንሥተው በጣታቸው ይሰብሩታል፣ ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ጫፉን ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ። ሌላ ሰው መጣ፤ ሐጂ አሁንም እንደዚያው አደረጉ። ግማሽ ሰዓት ቆምን። ሽንኩርት ሻጯ የማንገዛ ከሆነ ዞር እንድንልላት ነገረችን።

«ይኼ ሰው በጆሮው አይገዛም» አሉ ጋሽ ማቴዎስ። «በዓይኑም አይገዛም። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ሳወራለትና ፎቶ ሳሳየው ነው የከረምኩት።»

በዚያው ቀን ቦሌ ሚካኤል ካለ አንድ የጂፕሰም ቤት የፎም አምድ አዘዙ። ቁመቱም ውፍረቱም ልክ ሥራ አስኪያጁ በሚፈልገው መጠን። የባንኩ ባዶ ቦታ ላይ አስቆሙት። ከጎኑ አንድ ጥርብ የአምቦ ድንጋይ አስቀመጡ። ከዚያ ሐጂን ጠሩ። ሥራ አስኪያጁም መጣና አምዱን ሲያይ ፊቱ በራ፤ በእውነትም ከሩቅ ያምር ነበር።

ጋሽ ማቴዎስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሐጂ አምዱን ዞሩት። ቀረብ አሉና ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ጣታቸው ገባ። ጂፕሰሙ ተሰነጠቀ፤ ነጭ ፍርፋሪ ጫማቸው ላይ ወደቀ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

«ፎም ነው፣ ሐጂ። ቴሌቪዥን ሲገዙ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው።»

ሐጂ ጣታቸውን አዩ፤ ከዚያ ሥራ አስኪያጁን አዩ። «ይኼን በኔ ባንክ ደጃፍ?» አሉ። «ሰው እኮ ይነካዋል!»

«ይነካዋል» አሉ ጋሽ ማቴዎስ። «ይደገፈዋል።»

ሐጂ ወደ ድንጋዩ ሄዱ። በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «በዚህ ይሁን።»

«በዚህ ከሆነ አምዱ አንድ ዓመት ይፈጃል። ሥራ አስኪያጁ እውነቱን ነው።»

«አንድ ዓመት አልችልም ኢንጂነር። ለባለአክሲዮኖቹ ቃል ገብቻለሁ። እንግዲያው ምን ይሻላል?»

ጋሽ ማቴዎስ ባዶውን ቦታ አዩ።

«አምዱ ይቅር» አሉ። «ግድግዳ የሚገነባ ግንበኛ ሞልቷል፤ በስድስት ወር ይደርሳል። አምዱን ትቼልዎታለሁ፤ ግድግዳውን ይስጡኝ። ወፍራሙን፣ የድንጋዩን። በሩንም ማዕዘኑ ላይ ይተዉልኝ።»

ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ እዚያው ጨበጧቸው። ሥራ አስኪያጁ ስለ መስታወቱ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሐጂ የተሰነጠቀውን አምድ በዓይናቸው አሳዩት።

እኔ ያሸነፍን መስሎኝ ነበር። መኪና ውስጥ ገብተን ወሎ ሰፈር ሳንደርስ ግን ጋሽ ማቴዎስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አለቀሱ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲለኩት፣ ሲስሉት፣ ሲያልሙት የነበረውን ነገር በገዛ አፋቸው ነው «ይቅር» ያሉት። ሬዲዮ ከፈትኩ። ከዚህ የተሻለ ነገር የሚያደርግ ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን ያደረግኩት ይህን ነው።

ባንኩ በስድስት ወር ከሁለት ሳምንት አለቀ። በየቀኑ ማለት ይቻላል እዚያ ነበሩ። ግንበኞቹ «ሽማግሌው መጡ» ሲባል ሥራቸውን ያስተካክላሉ፤ አንድ ረድፍ ጠማማ ነው ብለው አስፈርሰው ያውቃሉ። የምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ኬክ ተበላ። ጋሽ ማቴዎስ ንግግሩ ሳያልቅ ክንዴን ይዘው ወጡና መንገዱን ተሻገርን። ከአንድ የቆርቆሮ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመን ሕንጻውን አየነው። ዝቅ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ግራጫ ድንጋይ ነው። ማዕዘኑ ላይ አንድ ትልቅ በር አለው። መስኮቶቹ ከሰው ራስ በላይ ናቸው። መስታወት የለውም፤ አምድ የለውም።

«ፌቨን፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «ባንክ ይመስላል?»

አየሁት። ደግሜ አየሁት። ለእሳቸው የሚመች ነገር መናገር ክብር መንሣት መሰለኝ። ከማንም በላይ እውነት የሚገባቸው ሰው እሳቸው ናቸው ብዬ አሰብኩ።

«አይመስልም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ሁለት ሦስት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ቤት እንዳደርሳቸው ጠየቁኝ፤ ደክሟቸው ነበር። መንገድ ላይ ስለ ልጆቻቸው አወራን። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ባንክ አንሥተው አያውቁም፤ የአሜሪካዎቹንም ማንሣት ተዉ። የእንቁላሉን ቀልድ ሰው ቢያስታውሳቸው እንኳ ፈገግ ብለው ያልፉታል። በዓመቱ ታመሙ፤ ሕመሙም አልቆየም።

የቀብሩ ሰሞን ለሥራ ቦሌ ሚካኤል ሄጄ መኪናዬን ከባንኩ ትይዩ አቆምኩ። ቀጠሮዬ ግማሽ ሰዓት ስለቀረው ተቀምጬ አየሁት። ምንም የተለየ ነገር አልተፈጠረም። ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንዲት የጀበርቲ ሴት ልጇን አዝላ ገባች፤ በሩ ላይ ቆም ብላ ቀና አለችና የግድግዳውን ውፍረት በእጇ ዳሰሰችው። አንድ ሽማግሌ ወጡና የቁጠባ ደብተራቸውን ደረት ኪሳቸው ከተው፣ ኪሱን ቆልፈው፣ ቀስ ብለው ሄዱ። ሁለቱም አልቸኮሉም። አንዳቸውም ሕንጻው ምን ጎደለው ብለው የሚያዩ አይመስሉም ነበር።

ያን ዕለት እውነቱን የነገርኳቸው መስሎኝ ነበር። አልነገርኳቸውም። ሕንጻውን ገና አላየሁትም ነበር። ዘጠኝ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ ተምሬ፣ ሲጠይቁኝ እኔም እንደ ሌላው ሰው አምዱን ነበር የፈለግኩት።